ከታች በኩል ያለው በር

ሥራ የሚለቅ ሰው ክሊራንስ ይዞ ይዞራል። አንዲት ወረቀት ናት። ከንብረት ክፍል፣ ከመዝገብ ቤት፣ ከሰው ኃይል፣ ከመኪና ስምሪት ሳይቀር "ከእኛ ዘንድ ያለባት ነገር የለም" የሚል ፊርማ ይሰበሰብባታል። ስምንት ዓመት ያገለገልኩበትን መሥሪያ ቤት ክፍል በክፍል የተሰናበትኩት በዚህች ወረቀት ምክንያት ነው። ዓይን አፋር ስለሆንኩ የሰው በር ማንኳኳት አልወድም፤ በስምንት ዓመት ውስጥ ገብቼባቸው የማላውቃቸው ቢሮዎች ነበሩ። ያን ቀን አሥራ አንድ በር አንኳኳሁ።

ንብረት ክፍል ስደርስ ሠራተኛዋ መዝገቧን ገልጣ "ባለ ሃምሳ ሜትር፣ አንድ" አለችኝ።

ከቦርሳዬ አወጣሁት። እጀታው በፕላስተር የተጠቀለለ አሮጌ መለኪያ ነው። ትንሽ መዘዝ አድርጋ አየችውና ግንባሯን ቋጠረች።

"ሕይወት፣ ይሄ እኮ መጀመሪያው የለም። ከየት ነው የሚጀምረው?"

"ከአንድ ሜትር። መጨረሻ ላይ አንድ ትቀንሺለታለሽ።"

"እንዲህ አድርገሽ ነው የሰውን ቦታ ስትለኪ የኖርሽው?"

"እኔ ብቻ አይደለሁም። ከእኔ በፊት ጋሽ ተክሌም እንዲሁ ነበሩ።"

የጋሽ ተክሌን ስም ስትሰማ ሳቀችና ፈረመች።

አሁን አያት አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ንድፍ አስተምራለሁ። ሰው ፊት መቆም የሚጨንቀው ሰው እንዴት ማስተማር እንደመረጠ የሚጠይቁኝ አሉ፤ እኔም መልሱን አላውቀውም። ባለፈው አንዷ ተማሪ እጇን አውጥታ "ሚስ፣ ቢሮ እያለሽ ከሠራሻቸው ፕሮጀክቶች የማትረሺው የቱን ነው?" አለችኝ። "የአንድ በር ነገር ነው" አልኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ። ክፍሉ ሳቀ። ያን ቀን ያልተናገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ከዩኒቨርሲቲ በከተማ ፕላን ተመርቄ መጀመሪያ የተመደብኩት ቦሌ ሚካኤል አካባቢ በሚገኝ ቅርንጫፍ ነበር። ሥራው ትንንሽ ነው፤ የተጨመረ ክፍል፣ የአጥር ድንበር፣ ከሱቅ ፊት ወጣ ያለ ቆርቆሮ። ብየዳ ቤቶቹና እንጨት ቤቶቹ ተጠጋግተው ስለሚሠሩ ስንለካ የምንነጋገረው በጩኸት ነበር። እኔ ደግሞ መጮህ አልችልም። ቁጥር ስጠራ የሚጽፈው ባልደረባዬ "ሬዲዮኗ፣ ድምፅ ጨምሪ!" ይለኝ ነበር። የመጀመሪያዋ አለቃዬ ቀና ሳትል የምትፈርም፣ ግን ከአሥር ወረቀት መሀል የተበላሸችውን አንዷን ነጥላ የምትመልስ ሴት ነበረች። እንዴት እንደምታውቅ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ደመወዙ ለታክሲና ለምሳ ይበቃል፤ እሱን በዚሁ ልለፈው።

በሁለተኛው ዓመት ከኦሎምፒያ ዝቅ ብሎ ወዳለው ዋናው ቢሮ ተዛወርኩ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ሊፍቱ የሚሠራው ሲያሰኘው ስለሆነ ባለጉዳዮች የሚደርሱን ቁና ቁና እየተነፈሱ ነው፤ ቁጣቸውን ደረጃው ላይ ጨርሰው ስለሚመጡ ለእኔ ይሻለኝ ነበር። ክረምት ሲገባ የሳይት ቦት ጫማዎቻችን መስኮቱ ሥር ተደርድረው ይደርቃሉ፤ ክፍሉ በሙሉ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ዛሬም ሐምሌ ሲገባ መጀመሪያ የሚናፍቀኝ ያ ሽታ ነው።

ጋሽ ተክሌን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ዲግሪ የላቸውም፤ ከወጣትነታቸው ጀምሮ መሬት ሲለኩ የኖሩ ቴክኒሻን ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ እርሳስ ከጆሯቸው የማይለይ ሰው። የቡድን መሪያችን አቶ ሰለሞን ወደ እሳቸው ጠረጴዛ ወስዶ ሲያስተዋውቀኝ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ትናገሪያለሽ?"

"አዎ።"

"ምን አልሽ?"

"አዎ!"

"ጥሩ። ባትናገሪም ግድ የለም፤ የሚናገር ሞልቷል። ማየት ትችያለሽ?"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም ነበር። እየቆየ ነው የገባኝ።

ጋሽ ተክሌ ፋይል የሚያነቡት ከሥር ነው። እኛ ቢሮ አዲስ ወረቀት የሚታሰረው ከላይ ስለሆነ ሁሉም ሰው የመጨረሻውን ደብዳቤ አይቶ ይወስናል። እሳቸው ግን ፋይሉን በደረቱ አስተኝተው፣ ከመጀመሪያዋ ማመልከቻ ጀምረው ወደ ላይ ይወጣሉ። "ሰውየው መጀመሪያ ምን እንዳለ ሳትሰሚ፣ አሁን የሚለውን እንዴት ታምኚዋለሽ?" ይሉኛል። ደብዳቤ ደግሞ በእጃቸው ነው የሚያረቁት። እኛ ኮምፒውተር ላይ ያለ የቆየ ደብዳቤ ከፍተን፣ ስምና ቀን ቀይረን በአሥር ደቂቃ እንጨርሳለን። እሳቸው በሰፊ ወረቀት ላይ፣ በእርሳስ፣ እያንዳንዷን ቅድመ ሁኔታ ከፋይሉ እየገለበጡ ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። አቶ ሰለሞን በሩ ላይ ቆሞ "ጋሽ ተክሌ፣ ዛሬ ይውጣ እንጂ!" ሲል ቀና ሳይሉ "ይወጣል፤ ዛሬ መሆኑን ነው የማላውቀው" ይሉታል። እኔ ኮምፒውተር ስለማይችሉ ይመስለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር በልቤ አዝንላቸው ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ ከመስቀል በኋላ የወንዝ ዳሩ ፋይል መጣ። አንድ አልሚ ወንዙን ተከትሎ ባለ ሰፊ ቦታ ላይ አፓርታማዎች ሊሠራ አመልክቷል። ፕላኑ የሚጸድቅለት በወንዙና በሕንፃዎቹ መካከል ያለውን ቦታ በራሱ ወጪ አልምቶ፣ ለሁሉም ሰው ክፍት የሆነ ፓርክ ካደረገው ብቻ ነው። ከጋሽ ተክሌ ጋር ቦታውን ልናይ ወረድን።

ወንዙ ጎድሎ ነበር። ጋሽ ተክሌ ዳር ላይ ቆመው ጠየቁኝ።

"ሕይወት፣ ውኃው እስከ የት ይደርሳል?"

"እዚያ ጋ" አልኩ ጠርዙን እያሳየሁ።

"እሱ ዛሬ ያለበት ነው። ቀና በይ።"

ቀና አልኩ። ከራሴ በላይ የባሕር ዛፎቹ ቅርንጫፍ ላይ የተቀዳደደ ፌስታል ተንጠልጥሏል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ።

"ፌስታል በራሱ ዛፍ ላይ አይወጣም። ነሐሴ ነው የሰቀለው። ከዚያ በታች ቤት የሠራ ሰው ሶፋውን ወንዙ ይቀመጥበታል።"

ከዚያ መለኪያውን ዘረጉ፤ እኔ አንድ ሜትር የምትለዋን ቦታ ፌስታሉ ሥር ያዝኩ፤ እሳቸው ወደ ላይ ሄዱ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ጎርፍ መጠን የተማርኩትን ቀመር ሁሉ አስታውስ ነበር፤ ቀና ማለትን ግን ማንም አላስተማረኝም።

ለክተን ስንጨርስ የምንመለስ መስሎኝ ቦርሳዬን አነገትኩ። እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"ምን እንጠብቃለን?"

"የሚያልፈውን። ማን እንደሚያልፍ ሳታዪ መስመር አታስምሪ።"

አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። ከታችኛው ሰፈር የምትመጣ ቀጭን የእግር መንገድ አለች፤ ወንዙ ዳር ወርዳ፣ ከአንዲት ምንጭ አጠገብ አልፋ፣ ወደ እግረኛ ድልድዩ ትወጣለች። ልብስ የሚያጥቡ አለፉ። ተማሪዎች አለፉ። ነጠላ የለበሱ ሦስት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አለፉ። ጋሽ ተክሌ እያንዳንዱን በትንሿ ደብተራቸው ላይ በጭረት ይመዘግባሉ። በፕላኑ ላይ ይህች መንገድ ጨርሶ አልነበረችም።

በመጨረሻ ሁለት ጀሪካን የያዙ ሴትዮ መጥተው ፊታችን ቆሙ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋል፤ የወንድ ሸሚዝ፣ የላስቲክ ጫማ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር።

"የመሬት ሰዎች ናችሁ?"

"ነን፤ ግን አንወስድም፣ እንለካለን" አሉ ጋሽ ተክሌ።

"መጀመሪያ ሁልጊዜ የሚመጣው የሚለካው ነው።"

እትዬ ብርቄ ይባላሉ። ወንዙ ዳር ችግኝ ያፈላሉ፤ ጽድ፣ ግራቪሊያ፣ ቡና፣ ጌሾ፣ የአበባ ዓይነት። ብዙ የሰፈሩ ሰው ግቢው ውስጥ ያለውን ዛፍ የገዛው ከእሳቸው ነው። ችግኙ ያለበት ቦታ ፓርኩ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ መነሣታቸው አይቀርም። ቤታቸው ከድንበሩ ውጭ፣ ታች በኩል ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ ቦታ አላቸው። ያሳሰባቸው ሌላ ነው።

"ግቢዬስ ግቢዬ ነው። ውኃውስ? ይህችን ምንጭ አጥር ውስጥ ካስገባችሁብኝ ችግኙን ምን ላጠጣው ነው፣ ምራቄን?"

ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ። "ንገሪያቸው።"

ፕላኑን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ነበር።

"በር ይኖራል" አልኩ። "ፓርኩ ሁለት በር ይኖረዋል። አንዱ ላይ በአስፋልቱ በኩል፤ አንዱ ደግሞ ታች፣ ከእርስዎ ቤት ፊት ለፊት። ማንም ይገባበታል።"

"ይህች ልጅ ትናገራለች እንዴ? እስካሁን ዲዳ መስላኝ ነበር!" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ትተው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። "ቃልሽ ነው?"

"አዎ።"

ጋሽ ተክሌ እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አውርደው ሰጡኝ። የታችኛውን በር በፕላኑ ላይ የሣልኩት እኔ ነኝ። ያ ፕላን በቀለም ተሠርቶ፣ አልሚው ፈርሞበት፣ ሁለቱም በሮች ተጽፈው ጸደቀ። እትዬ ብርቄ ችግኞቻቸውን ወደ ግቢያቸው አዞሩ። ስሜን ብነግራቸውም ከዚያ ወዲህ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር "ዝምተኛዋ!" እያሉ ይጠሩኛል፤ አንዴም አንዲት የጌሾ ችግኝ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ጌሾ ምን እንደሚያደርግለት አላሰቡም፤ በረንዳዬ ላይ በባልዲ ተከልኳት።

ጋሽ ተክሌ በአምስተኛው ዓመቴ፣ በሰኔ ጡረታ ወጡ። መለኪያቸውን በስሜ አዛውረው፣ እርሳሱን ግን ይዘው ሄዱ። በሐምሌ የአልሚው የማራዘሚያ ማመልከቻ ገባ። ሲሚንቶ ጠፍቶ፣ ሥራው ተጓትቶ፣ የፕላኑ ጊዜ ሊያልቅ ሆነ። አቶ ሰለሞን ሥልጠና ስለሄደ ሁለት ሳምንት እኔን ወከለኝ። በዚያው ሳምንት ስሜ ያለበት ቲተር ተቀርጾ መጣልኝ። ይህ ማራዘሚያ የሙያ ሰው ሆኜ በስሜ የምፈርመው የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። በባዶ ወረቀት ላይ አራት አምስት ጊዜ መትቼ አየሁት፤ ማንም እንዳላየኝ ዞር ዞር እያልኩ።

አቶ ሰለሞን በስልክ "ማራዘሚያ ብቻ ነች፤ ዛሬ ትውጣ" አለኝ።

ፋይሉን ከላይ ከፈትኩ። የመጨረሻውን ማመልከቻ አነበብኩ። ሳይት አልወረድኩም፤ ዝናብ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ከሳምንት በፊት ለሌላ የአፓርታማ ግቢ አርቅቄው አቶ ሰለሞን የፈረመበት የማራዘሚያ ደብዳቤ ነበረ፤ ከፍቼ ስም፣ ቀንና የፋይል ቁጥር ቀየርኩ። በዚያኛው ግቢ ፓርክ አልነበረም፤ ለነዋሪዎቹ የተተወ መስክ ነበር እንጂ። ስለዚህ ደብዳቤው "አረንጓዴ ቦታው ለግቢው ነዋሪዎች አገልግሎት እንዲውል" ይላል። ስለ በር የሚል ነገር የለውም። እንዳለ አለፈ። ፈረምኩ፤ ቲተሩን መታሁ። ማኅተም አርፎበት ወጣ። ከሰዓት በፊት ጨርሼ ደስ እያለኝ ምሳ ወጣሁ።

ያወቅኩት ከወራት በኋላ፣ በጥር ነው። ለሌላ ጉዳይ በዚያ በኩል ስናልፍ ከመኪናው ወረድኩ። የታችኛው በር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ላይ ከእኔ ቁመት በላይ የሆነ የብሎኬት ግንብ ቆሟል። የእግር መንገዷ ግንቡ ጋ ደርሳ ቀጥ ብላለች። የአልሚው መሐንዲስ፣ ዳዊት የሚባል ትሑት ወጣት፣ ስጠይቀው ግራ ተጋባ።

"እኛ የእናንተን ደብዳቤ ነው የተከተልነው፣ እህት። ለነዋሪዎች ይላል። ለነዋሪዎች ከሆነ ደግሞ አጥር ያስፈልገዋል።"

ኮፒውን አወጣልኝ። ቲተሬን አየሁት። በጣም በጥሩ ሁኔታ ነበር ያረፈው፤ አንድም ፊደል አልደበዘዘም።

ስወጣ እትዬ ብርቄን አገኘኋቸው። ሁለቱን ጀሪካን ይዘው በአስፋልቱ በኩል እየዞሩ ነው። ምንጩ ጋ ለመድረስ ላይኛው በር ድረስ ወጥተው፣ ጥበቃውን ለምነው፣ ከፈቀደላቸው ገብተው ቀድተው፣ ያንኑ መንገድ ይመለሳሉ። ጀሪካኖቹን አስቀምጠው ወገባቸውን ያዙ።

"ዝምተኛዋ! ዛሬም ዝም ነው?"

"እንዴት ነዎት እትዬ ብርቄ" አልኩ።

"እንደምታዪኝ" አሉ። ትንሽ ቆመው ጠበቁ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ ጀሪካኖቻቸውን አንሥተው ሄዱ። ልረዳዎት እንኳ አላልኩም።

ለአቶ ሰለሞን በማግሥቱ ነገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ብዙ ፋይል ያለበት ሰው ነው። "ማንም አላመለከተም፤ የወጣ ደብዳቤ ራሳችን መልሰን አናነሣም። ማራዘሚያው ሲያልቅ ተመልሰው ይመጣሉ፤ ያኔ ይታያል" አለኝ። ዛሬ ሳስበው በሩን ዘግቼ ልጮህ ይገባኝ ነበር። እኔ ግን እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጋሽ ተክሌ ቤት ሄድኩ። ሁሉንም ስነግራቸው ግቢያቸው ውስጥ የዶሮ ቤት እየጠገኑ ነበር፤ ሚስማር ከንፈራቸው ላይ ይዘው አዳመጡኝ። ስጨርስ ሚስማሩን አወጡ።

"ፋይሉን ከየት ጀመርሽ?"

"ከላይ።"

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሚስማሩን መትተው ጨረሱና፣ "እኔም አንዴ ከላይ ጀምሬያለሁ" አሉኝ። "በእኔ ምክንያት የአንድ ሰው ጓዳ መንገድ ውስጥ ገብቶ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ነው በእጄ የምጽፈው። ኮምፒውተር ስለማልችል መስሎሽ ነበር አይደል?"

ፊቴ ጋለ።

"ማራዘሚያ ያልቃል" አሉ። "ሲመጡ አንቺ እዚያው ወንበር ላይ ሁኚ። ሌላ ሰው ከላይ ነው የሚከፍተው።"

በዚያ ወቅት የማስተማር ሥራ አግኝቼ መልቀቂያዬን ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። አላስገባሁትም። አንድ ዓመት ተኩል ጠበቅኩ። በየወሩ መጨረሻ መዝገብ ቤት ወርጄ ያ ፋይል ተንቀሳቅሶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ሠራተኛው "ይሄ ፋይል ዘመድሽ ነው?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

አፓርታማዎቹ ሊያልቁ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ሁለተኛው ማመልከቻ መጣ። ፋይሉን በደረቱ አስተኛሁት። ከሥር ጀመርኩ። የመጀመሪያዋ ማመልከቻ፣ የጋሽ ተክሌ የሳይት ማስታወሻ ከነጭረቶቹ፣ ሁለት በር ያለበትና አልሚው የፈረመበት ፕላን። ሁሉም እዚያው ነበር፤ የትም አልሄደም። ረቂቁን በእርሳስ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጻፍኩት።

ረቂቁ የተሠራ ግንብ የሚነካ ስለሆነ ጉዳዩ የቢሮው ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ሰባት ሰው ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጧል። ዳዊትም ከአልሚው ወገን መጥቷል። እኔ እጆቼን ጠረጴዛው ሥር ይዣለሁ።

"የታችኛው በር ካልተከፈተ ማራዘሚያው አይጸናም የሚል ሐሳብ አቅርቤያለሁ" አልኩ።

"ድምፅ ጨምሪ" አለኝ አንዱ።

ደገምኩት። ዳዊት በትሕትና ተቃወመ። ሰዎቹ ቤቱን የገዙት የተከበረና የሚጠበቅ ግቢ ነው ተብለው ነው፤ ግንቡም በእኛው ደብዳቤ መሠረት የተሠራ ነው፤ አሁን ይፍረስ ማለት እንዴት ይሆናል አለ። እውነቱን ነው፤ ውሸት አልተናገረም።

አቶ ሰለሞን ወደ እኔ ዞረ። ሊያድነኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ "ስህተቱ ምናልባት የጽሕፈት ይሆናል፣ አይደል?" አለኝ።

"አይደለም" አልኩ። "የእኔ ነው። ፋይሉን ሳላነብ፣ ከሌላ ደብዳቤ ገልብጬ ፈረምኩ። ቲተሩ የእኔ ነው።"

ተነሥቼ ፕላኑንና የጋሽ ተክሌን የሳይት ማስታወሻ መሀል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። "ይህ ደግሞ የአልሚው ፊርማ ነው። ሁለት በር ይላል። እዚህ ማስታወሻ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ጭረት አንድ ሰው ናት፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ በዚያች መንገድ ያለፈ ሰው። አጥሩ የሕንፃዎቹን ግቢ ይጠብቅ፤ ፓርኩን ግን አይዝጋ። ግንቡ ሁሉ ይፍረስ አላልኩም። በሩ ብቻ ይውጣለት።"

ያን ያህል ቃል በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልተናገርኩም። ዳዊት ፕላኑን ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ አየው። "ይህን ፕላን እኔ ከመጀመሬ በፊት ነው የፈረሙት፤ አላሳዩኝም ነበር" አለ። ኮሚቴው ሐሳቤን ተቀበለ። እኔም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ የግል ማህደሬ ውስጥ ታሰረ። ከላይ ነው የታሰረው።

ግንቡ ሲበሳ ሄጄ ለካሁ። ማታውኑ ጋሽ ተክሌ ደወሉ።

"ከፈቱት?"

"ከፈቱት።"

"ስፋቱ?"

"ሁለት ሜትር ከሃያ።"

"ከአንድ ጀምረሽ?"

"ከአንድ ጀምሬ፣ አንድ ቀንሼ።"

"በይ እንግዲህ መልቀቂያሽን አስገቢ" አሉኝ። መሳቢያዬ ውስጥ እንዳለች እንዴት እንዳወቁ አልጠየቅኳቸውም።

ክሊራንሴን በጨረስኩ በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፓርኩ ሄድኩ። በታችኛው በር ገባሁ። ጥበቃው "ማንን ፈልገሽ ነው?" አለኝ። "ማንንም፤ ልቀመጥ ነው" አልኩት። "ይቻላል" አለና ወደ ሬዲዮኑ ተመለሰ። ጋሽ ተክሌ የተቀመጡባት ድንጋይ ተነሥታ በቦታዋ አግዳሚ ወንበር ተተክሏል። ተቀመጥኩ። ተማሪዎች አለፉ። ነጠላ የለበሱ ሴቶች አለፉ። አንድ አባት ከአፓርታማው ልጁን በብስክሌት ይዞ ወረደ። ፌስታሎቹ አሁንም ዛፉ ላይ ናቸው።

እትዬ ብርቄ ጀሪካኖቻቸውን ሞልተው ከምንጩ ሲመለሱ አዩኝና አጠገቤ ተቀመጡ። እግራቸውን ዘርግተው ጉልበታቸውን አሹ።

"ችግኙስ እንዴት ነው?" አልኩ።

"ግማሹ ደርቆብኛል። ቡናው አልቻለም። ጽዱ ጨካኝ ነው፣ እሱ ተረፈ። አሁን እንደገና እያፈላሁ ነው።" በእጃቸው ወደ በሩ አመለከቱ። "ከፈቱት እኮ፣ ዝምተኛዋ።"

ሰባት ሰው ፊት የተናገርኩትን ለእሳቸው ለብቻቸው መናገር ከበደኝ።

"እትዬ ብርቄ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። ያን ሁሉ ጊዜ የተዘጋው በእኔ ደብዳቤ ነው። ቃሌን ሰጥቼዎት፣ እኔው ነኝ ያስዘጋሁት።"

"አውቃለሁ።"

ዞሬ አየኋቸው።

"ግንቡን ሲሠሩ ደብዳቤሽን ላስቲክ አልብሰው እዚያው ላይ ለጥፈውት ነበር። ከነማኅተሙ። ስምሽ ጉልህ ብሎ ይታያል።"

"ማን አነበበልዎት?"

ተቆጡ። "ማን ያነብልኛል? ማንበብ አትችልም ማን አለሽ? በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ቀድሜ የጨረስኩት እኔ ነኝ!"

"ታዲያ ያን ቀን፣ በአስፋልቱ ሲዞሩ ያገኘሁዎት ቀን፣ ለምን አልነገሩኝም?"

"አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ ነዋ፣ ቆሜ የጠበቅኩሽ።" የጀሪካኑን ክዳን አጠበቁ። "ይኸው ነገርሽኝ። ዘግይተሻል።"

ከዚያ በወንበሩ ተደግፈው ተነሡ። "በይ ነይ፣ አንዱን ያዢልኝ። ከባድ ነው ደግሞ፤ ቀስ። አንቺ ቅደሚ፣ በሩ ጠባብ ነው።"

ጀሪካኑን አነሣሁ። "ጎን ለጎን እንሂድ እትዬ ብርቄ" አልኳቸው። "ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ለክቼዋለሁ።"